የጉናዲ ጀርባ

ፓክ ጉናዲ አፉን ከፍቶ ሞቷል። ከአልጋው ሥር ያለው የወተት ቆርቆሮ እስከ ግማሹ በአክታ ተሞልቶ ላዩ ቆዳ አውጥቷል። ትራሱ በላብና በንፍጥ ርሶ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ርሶ እንደ ካርቶን ጠጥሯል። ዝንቦች ከቆርቆሮው ወደ ከንፈሩ፣ ከከንፈሩ ወደ ትናንትናው ሩዝ ይመላለሳሉ። በክፍሉ ውስጥ ንጹሕ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አፉ ተደፍቶ የተቀመጠ ብርጭቆ።

ቡ ሄስቲ ከሬሳው ይልቅ ብርጭቆውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

ሄስቲ በኢንዶኔዥያዋ ፔካሎንጋን ከተማ የአንድ ጤና ጣቢያ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ናት፤ በከተማው ሰውን በአክብሮት ሲጠሩ ወንዱን «ፓክ»፣ ሴቷን «ቡ»፣ የቤት ሠራተኛ አሮጊቷን «ምቦክ» ይላሉ። ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያ «ከየት መጣሽ?» ሲሏት ኖረው፣ እዚህ ደግሞ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይሏታል። ዛሬ የተጠራችው ለቀላል ሥራ ነበር። ዝናቡ ከገባ ወዲህ በጉናዲ የባቲክ፣ በሰምና በቀለም የሚጌጥ ጨርቅ፣ ማምረቻ ጉንፋን ያልያዘው ሰው የለም፤ ባለቤቱም በታመመ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ጉንፋን ገደለው ወይም አልገደለውም ብላ እንድትፈርም ብቻ ነበር የተፈለገው።

ግቢው ውስጥ ግን የፖሊስ መኪና ቆሟል። ከኋላው፣ ክፍቱ የጭነት ቦታ ላይ፣ የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ምቦክ ቱሚራ ተቀምጣለች።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ቡ» አለ ሃምሳ አለቃ ባስኮሮ። አፍንጫውን በመሐረብ ተናፈጠና በዚያው መሐረብ ዓይኑን ጠረገ። «አሮጊቷ የወለል ማጽጃውን ከመጠጥ ውሃው ጎን አስቀመጠች፤ ሰውዬው በትኩሳት ዓይኑ ፈዞ ቀድቶ ጠጣ። ከቀትር ጸሎት በኋላ እሱ ወደ መቃብር፣ እሷ ወደ ጣቢያ።»

«ማጽጃውን እዚያ ያየው ማን ነው?»

«ዳናንግ፣ የወንድሙ ልጅ። የተማረ ልጅ ነው።»

ሄስቲ ወደ መኪናው ሄደች። ቱሚራ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ቆዳዋ እንደተቀቀለ ነገር ነጥቶ፣ በየመገጣጠሚያው ተሰነጣጥቋል።

«ማጽጃውን የት ነው የሚያስቀምጡት፣ ምቦክ?»

«ሽንት ቤት፣ ከበሩ ኋላ። ሌላ ቦታ አስቀምጬ አላውቅም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ እኔ ከታሰርኩ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል? እናታቸው ማሌዥያ የሰው ቤት ትሠራለች፤ አባት የላቸውም።»

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ማጽጃው ነዋ። ጓንት ስጡኝ ብዬ ሦስት ዓመት ለመንኩ። ‹ላንቺ እጅ ደግሞ ጓንት› ብለው ሳቁብኝ።»

ሄስቲ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። የሟቹ አፍ አልተቃጠለም፤ የማጽጃ ሽታም የለውም። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ግን አመድ መስለዋል። ያልተቀለመ ነጭ ጨርቅ አስመጣችና ከሟቹ ጆሮ ጫፍ በመከራ አንድ ጠብታ ደም አወጣች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጣትዎን ያውሱኝ።»

«ለምኑ?» ብሎ ሳይጨርስ መርፌው ገብቷል።

የባስኮሮ ደም ጨርቁ ላይ ቀይ ሆኖ ተዘረጋ። የጉናዲ ደም የዛገ ቆርቆሮ ውስጥ ያደረ ውሃ ይመስል ነበር፤ አየር ቢያገኝም አልቀላም። ሄስቲ ይህን ደም ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ የሌላ ማቅለሚያ ቤት ሠራተኞች የቀለም ጨውን የገበታ ጨው መስሏቸው ሾርባ ውስጥ የነሰነሱ ዕለት።

«ማጽጃ አይደለም። የቀለም ጨው ነው፤ ደም የሚያጠቁር መርዝ።»

«እንግዲያው አሮጊቷ ጨዉን አሳስታለች» አለ ባስኮሮ ጣቱን እየጠባ። «ለእኔ ያው ነው።»

«ያንን ጣት ከአፍዎ ያውጡት» አለች ሄስቲ። «የትኛውን በር እንደነካ አላውቅም።»

የሟቹ ሚስት ቡ ሩክሚኒ በረንዳ ላይ ነበረች። ሄስቲ ለቅሶ ከሚደርሱት ሴቶች ነጥላ አነጋገረቻት።

«ባለቤትዎ ትናንት አመሻሽ ላይ ከማን ጋር ነበሩ?»

«ከማንም። ማን ይገባል? ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ ዘንድሮ ግን ጠላሁት። ሩዙን በመስኮት ነው የማቀብለው። ሌላ ጊዜ ሲታመም ጀርባውን ዘይት ቀብቼ በሳንቲም የምፍቀው እኔ ነኝ፤ የቤቱንም የሠራተኛውንም ጀርባ የምፍቀው እኔ ነኝ። አሁን ግን ‹ፋቂኝ› እያለ ሦስት ቀን ሲለምነኝ ዝም አልኩት። በእጁ ተናፍጦ በዚያው እጅ ሊይዘኝ ይመጣል።» አንገቷን ደፋች። «ኃጢአት ከሆነ ይሁን።»

«ዳናንግስ? አይጠይቀውም?»

«ዳናንግ? በዚያ በር ሲያልፍ እንኳ ትንፋሹን ይዞ ነው። በዚያ ላይ ልጁ ከሞተችበት ወዲህ አይነጋገሩም። የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። ባሌ ጉንፋኑ ሲጀምረው ሊጠይቃት ሄዶ፣ ከነንፍጡ አፏን ሳማት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ‹አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ› ብሎ መጣ፤ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ምሳ በላ።»

ማቅለሚያ ቤቱ ውስጥ ቀለም ነካሪው ካስሙሪ አገኛት። እጆቹ እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ናቸው፤ የጨበጣት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ።

«ይቅርታ፣ ቡ። አይለቅም። ሚስቴ ‹የነካኸው ሁሉ ምልክት አለው፣ አትዋሸኝም› ትለኛለች።»

«የቀለም ጨው የት ነው?»

«ያ በርሜል። መክደኛ የለውም፣ ድመቷም ትተኛበታለች።»

«ፓክ ጉናዲን ትወደው ነበር?»

«የሠራሁት ጨርቅ ላይ አፍንጫቸውን የሚጠርጉ ጌታ ነበሩ። ልገድላቸው ብል ያኔ ነበር የምገድላቸው። የታመመ ሁሉ ሥራ ይግባ ሲሉ፣ አርባ ሰው በአንድ ኩባያ ሲያጠጡን፣ ሳሙና ሲከለክሉን ዝም ያልኩ ሰው አሁን በምን ወኔዬ?»

ዳናንግ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሁለት ጭምብል ደርቦ ተቀምጧል። ለእሷ ወንበር ከማቅረቡ በፊት አልኮል ረጨበት። ግድግዳው ላይ «እጅዎን ይታጠቡ»፣ «ሲያስሉ ክንድዎን ይጠቀሙ» የሚሉ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ጠረጴዛው ላይ የጓንት ካርቶን፣ ጥግ ላይ በእግር የሚከፈት ክዳን ያለው ቅርጫት አለ።

«እነዚህን ወረቀቶች ማን ያነባል?»

«ማንም። አጎቴ በአንዱ አፍንጫውን ጠርጎበታል።» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ማጽጃውን ከውሃው አጠገብ ያየሁት ጠዋት ነው፣ በበሩ ሳልፍ። አልገባሁም።»

«ትናንትስ?»

«እኔ እዚያ ክፍል? ቡ፣ ሰው ይጠይቁ።»

ጠየቀች። ሁሉም ያንኑ መለሱ፤ ዳናንግ አይገባም።

ከቀትሩ ጸሎት በፊት ሬሳ አጣቢው ፓክ ዛይኑሪ እጁን እያደረቀ መጣ። «እኅቴ፣ አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ጀርባው ተፍቋል። ትኩስ ነው፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ይሸታል። አፋፋቁ ግን የሕፃን ጽሑፍ ነው የሚመስለው፤ አንዱ መሥመር ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን። ዘይቱ ላይ ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር።» የጠረገበትን ጨርቅ ሰጣት። ነጭ፣ ደቃቅ ዱቄት ነው።

ሄስቲ ጨርቁን አጣጥፋ ያዘች። ከዚያ ባስኮሮን ይዛ ዳናንግ ለለቅሶ በወጣበት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባች፤ ብዙም አልቆዩም። ስትወጣ ሁሉም በረንዳ ላይ እንዲሰበሰቡ ጠየቀች። ቱሚራም ከመኪናው ሳትወርድ እንድትሰማ መኪናውን አስጠጉላት።

«ፓክ ጉናዲ የሞተው በቀለም ጨው ነው» አለች ሄስቲ። «ጨው ከነስኳሩ በሞቀ ውሃ በጥብጦ ለታመመ መስጠት ሁላችንም ቤት ያለ ነው፤ በገበታው ጨው ፈንታ የቀለም ጨው ነው የገባበት። ግን ተኝቶ የነበረ ሰው ተነስቶ፣ ማቅለሚያ ቤት ሄዶ አያመጣም። አንድ ሰው አጠጣው፤ ከዚያ ብርጭቆውን አጠበና ደፋው። ያንን ክፍል አይታችኋል። እዚያ ውስጥ ብርጭቆ አጥቦ መውጣት ለዓይን እንዴት እንደሚጎላ ያላሰበ ሰው ነው፤ የታጠበ ዕቃ የማይታየው፣ የቆሸሸ ብቻ የሚታየው ሰው።»

«ምቦክ ትሆናለቻ፣ ሥራዋ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሠራተኛ።

«ምቦክ ብትሆን ሩዙንም ታነሳ ነበር። ቀጥሎ ጀርባው። የራሱን ጀርባ የሚፍቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁላችሁም ማንም አልገባም አላችሁኝ፤ አንድ ሰው ግን ዘይት ቀብቶ እየፋቀው አብሮት ተቀምጧል። ካስሙሪ ቢሆን ጀርባው ሰማያዊ ይሆን ነበር።» እጇን ዘርግታ ሰማያዊውን አሳየች። «ቡ ሩክሚኒ የዚህን ቤት ጀርባ ሁሉ ስትፍቅ ኖራለች፤ መሥመሯ አይጠምም። ይህ ሲያይ እንጂ ሲያደርግ ያልኖረ ሰው ነው። ዘይቱ ላይ ያለው ዱቄት ደግሞ ከጓንት የሚረግፍ ነው። ምቦክ ቱሚራ ጓንት ቢኖራት ኖሮ እጇ እንዲህ አይሆንም ነበር።»

የቱሚራን እጅ ለማየት የዞረ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሚያዩት።

ዳናንግ ጭምብሉን ነካ ነካ አደረገ። «ጓንት ገበያ ሞልቷል።»

«ሞልቷል። አንተ ግን መግደል ብትችልም መንካት አልቻልክም። አጎትህ ጀርባዬን ፋቀኝ ሲልህ እምቢ ብትል ይጠረጥርሃል፤ ስለዚህ ጓንት አደረግክ። ሳንቲም ስንት እጅ እንደነካው ስለምታውቅ በማንኪያ ፋቅከው። ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ ቦይ ውስጥ የሚወረውረውን ቆሻሻ አንተ በሁለት ፌስታል ቋጥረህ ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ከተትክ።» ባስኮሮ የተቋጠረውን ፌስታል ከፍ አድርጎ ያዘ። የባሕር ዛፍ ሽታው በረንዳውን ሞላው። «ጓንትና ማንኪያ ነው። ቅርጫትህን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የምትደፋው ምቦክ ቱሚራ ናት። ዛሬ ግን በአንድ ሰዓት እሷን አሳስረሃት ስለነበር ቅርጫቱ ሳይደፋ ቀረ።»

ዳናንግ ሁለቱንም ጭምብሎች አወለቀ። ፊቱ ላይ የጭምብሉ ገመድ ምልክት ቀርቷል።

«ልጄን አፏ ውስጥ አስሎባት ገደላት» አለ። «በጨው ብገድል ነፍሰ ገዳይ፣ በንፍጡ ሲገድል አጎት። ትናንት ጀርባውን ስፍቀው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹በርትተህ ፋቅ፣ ሌላ ልጅ ትወልዳለህ› አለኝ።»

ሄስቲ ቱሚራ ወዳለችበት መኪና አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ስለ ልጅህ እውነትህን ነው፤ የምፈርደው እኔ አለመሆኔም ደስ ይለኛል» አለች። «ምቦክስ? እሷ ማንን አስላችበት? ንጽሕና ስትሰብክ የጓንቱን ካርቶን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠህ፣ እጇ ሲላጥ እያየህ፣ ቆሻሻህን እሷ ላይ ደፋህ።»

ዳናንግ ወደ መኪናው አላየም።

ባስኮሮ ሊያወርዳት እጁን ዘረጋላት። ቱሚራ እጁን አየችና የመኪናውን ጫፍ ይዛ በራሷ ወረደች።

ሩክሚኒ ዓይኗን ጠርጋ ጠራቻት። «ምቦክ፣ እንግዳ ሳይበዛ ያንን ክፍል ጥረጊልኝ።»

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመጡበት ሰዓት ነው።»

«ታዲያ አብልተሻቸው ተመለሺ።»

«አልመለስም፣ ቡ» አለች ቱሚራ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። እጆቿን በሻሿ ጠቅልላ በበሩ ወጣች።

ሩክሚኒ ወደ ሠራተኞቹ ዞረች። አርባው ሰው መሬት መሬቱን ያይ ነበር፤ ወደዚያ ክፍል አንድም የተራመደ የለም።