የቆርቆሮው በር

ማክዳ ሚስተር ቫርጊስን የተቀየመችው የስምንተኛ ክፍል ፈተና በጨረሰችበት ዕለት ነው። ይኸው አስራ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ቂሙ ግን አልለቀቃትም። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትመጣ እሱ የሚኖርበት የሰርቪስ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው፤ ሚስማሩ ላይ የሚሰቀለው ሰማያዊ ማልያም የለም።

«ሄደ» አለቻት እናቷ ሳህሊቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና ሳትል። «ኮንትራቱ አለቀ፤ አገሩ ገባ።»

ቻው እንኳን ሳይላት።

ሚስተር ቫርጊስ ህንዳዊ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሶዶ መጥቶ እነማክዳ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከማስተማሩ በፊት ግን፣ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ፣ ካልካታ በምትባል ከተማ አማካይ ሆኖ ኳስ ተጫውቷል። በዝናብ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚውጥ ጭቃ፣ ሰው እንደ ገበያ በሚጮህበት ስታዲየም።

«ስንት ጎል አገባህ?» አለችው አንድ ቀን።

ሁለት ጣቱን አሳያት።

«በአንድ ጨዋታ?»

«በሁሉም ዘመን።»

ማክዳ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልከፋውም። «ጎል ሁሉ ሰው ያያል» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ኳስ ማን ሰጠ? አጥቂ ብቻ ያውቃል። ለእኔ ይበቃል።»

አመሻሽ ላይ የግቢውን ቆርቆሮ በር እንደ ግድግዳ አድርገው ይጫወቱ ነበር። ኳሱ ከበሩ ነጥሮ ሳይመለስ ዙሪያዋን እንድታይ ይጮህባታል። «ኳስ ሳይመጣ አየህ! ግራ አየህ፣ ቀኝ አየህ!» አንቺ ማለት አልሆንለት ብሎ ቀረ፤ እሷም አላረመችውም። ሲደሰትባት ደግሞ «ሞሌ» ይላታል፤ በአገሩ ቋንቋ ልጄ እንደማለት ነው። እናቷ ከማድ ቤት ሆና «በሬን አፍርሱትና እረፉ» ትላለች።

እሱ ከሄደ በኋላ ማክዳ ኳሱን ከውሃ ታንከሩ ኋላ ወረወረችው። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ አሮን ባገኛት ቁጥር «መሃል ሜዳዬ ኦና ሆነ እኮ» ይላታል።

«ትቻለሁ ቲቸር።»

አፏ ይበል እንጂ እግሯ አልተወም። የጎረቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተረከዟ ብድግ ይላል። መንገድ ላይ ስትሄድ ሳታስበው ግራ ቀኝ ትገላመጣለች። ጓደኛዋ መሲ «አንቺ፣ ፖሊስ ነው የሚፈልግሽ?» እያለች ትስቅባታለች።

ወላይታ ደግሞ ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ አይሻገርም። የአዲስ ዓመቱ ዋዜማ ላይ፣ ሥጋው ሳይቆረጥ፣ የእንሰቱ ምግብ ሙቹዋ ሳይቀርብ፣ ቤተሰብ ይሰበሰብና ትልቁ ሰው ይጠይቃል። የተቀየመ ይናገራል፣ ይታረቃል፣ ከዚያ ይበላል። እነማክዳ ቤት የሚጠይቁት ከበዴሳ የሚመጡት አያቷ አቶ ባዳቾ ናቸው። ባለፉት ጊፋታዎች ማክዳ «የለብኝም» ብላ አልፋለች። እዚህ የሌለ ሰው እንዴት ይከሰሳል?

ዘንድሮም ተራው ደረሳት። «አንቺስ፣ የኔ ልጅ?» አሉ አያቷ።

የለብኝም ልትል አፏን ከፈተች። «አለብኝ» የሚል ወጣ።

«ከማን ጋር?»

«ከሚስተር ቫርጊስ።»

አጎቷ ዱባለ ሳቁ መጣበት። «ህንዱን ከየት እናምጣልሽ? ሽማግሌ በአውሮፕላን እንላክ?»

«ዝም በል» አሉ አያቷ። «ቂም ቂም ነው። ምን አደረገሽ?»

«ቻው ሳይለኝ ሄደ።» በሰው ፊት ስትናገረው የሕፃን ነገር መሰላት።

«እንግዲህ ስለሌለው ሰው የሚያውቅ ይናገርለት።»

ሳህሊቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እጇ ግን እርጥብ አልነበረም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «መሄዱን ሲነግረኝ ፈተናሽ ደርሶ ነበር። ካወቀች አንድ ፊደል አታነብም፣ አትንገራት ብዬ ለመንኩት። የሄደ ቀን ታክሲው ክላክስ እያደረገ፣ እሱ በሩ ጋ ቆሞ መንገዱን ያያል። ትመጣለች ብሎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። ኳሱን ወርውረሽ ደብተር ስትይዢ አየሁ። ይሁን፣ እንዲያውም ይሻላል አልኩ።» ሳህሊቱ ወለሉን እያየች ነው። «ጊፋታ በመጣ ቁጥር በስልክ ይጽፍልኛል። ሞሌ ኳስ ትጫወታለች ወይ ይላል።»

«ምን ትይዋለሽ?»

«አዎ እለዋለሁ።»

ማክዳ ብድግ ብላ ወጣች። «ተቆጣች» አለ ዱባለ፤ ልክ ነበር። እዚያው ብትቀመጥ ወይ ልትጮህ ወይ ልታለቅስ ነው። ከታንከሩ ኋላ እጇን ሰዳ ኳሱን ጎትታ አወጣችው። ጭቃ ለብሷል፣ ግማሽ አየሩ ወጥቷል። ዞር ስትል እናቷ ደፉ ላይ ቆማለች።

«ስልክሽን አምጪ» አለቻት ማክዳ።

«ልትደውዪለት ነው?»

«ቅረጪኝ። ትጫወታለች ካልሽ ይየኝ።»

ሳህሊቱ ስልኩን አወጣች። የምትነካው ቦታ ጠፋባት፤ ማክዳ ጠጋ ብላ አሳየቻትና ተመለሰች። የመጀመሪያው ምት በሩን ጠርዙ ላይ ነካው። የላላው ኳስ እየተንከባለለ ወደ ጎን ሄደ።

«አይሆንም» አለች ማክዳ።

«ድገሚዋ» አለች እናቷ። «ጠንከር አድርገሽ። በሩ ምን ይሆናል?»

ሁለተኛው ምት መሃሉን አገኘው። ቆርቆሮው እንደ ድሮው ጮኸ።

«ኧረ ታረቃችሁ ወይ?» አሉ አያቷ ከውስጥ። «ሥጋው እየጠበቀ ነው።»

ኳሱ እየመጣ ነው። ግራ አየች። ቀኝ አየች። በቀኝ በኩል እናቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።