የአሥር ሰዓቱ ቀጠሮ

የኤመት ሶሬንሰንን ሬሳ ያገኘችው ሰኞ ማለዳ ቆሻሻ ልትጥል የወጣች ጎረቤቱ ናት። ከሦስተኛ ፎቅ የኋላ በረንዳ ወድቆ፣ በረዶ ለብሶ፣ ጓሮው ውስጥ ተጋድሟል። የበረንዳው የእንጨት አጥር ተገንጥሏል። ፖሊሶቹ «አደጋ ነው» ብለው ሊዘጉት ሲሉ መርማሪ ዶሎረስ ቮይቺክ እያነከሰች ደረጃውን ወጣች። ዶሎረስ በቺካጎ ፖሊስ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች፣ ሰው የተወውን ነገር መተው የማይሆንላት ሴት ናት።

ኤመት የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ከማማከር ሥራ ወደ ኢንቨስትመንት ባንክ ለመሻገር ተምሮ ተሳክቶለታል። የቀጠረው ባንክ ከአንደኛ ዓመቶቹ ማንን እንደሚወስድ የሚጠይቀውም እሱን ነው። እሑድ ከሰዓት ሦስት አመልካቾችን ተራ በተራ ቤቱ ጠርቶ ለቃለ መጠይቅ አለማምዷቸዋል፤ ሚንጂ ኦን በስምንት፣ ሩበን ኤስካላንቴን በዘጠኝ፣ ካልቪን ፕራየርን በአሥር ሰዓት። ሦስቱም የቀድሞ አማካሪዎች ናቸው።

«ምን አለሽ?» አለቻት ዶሎረስ ሚንጂን።

«‹ለምን ባንክ ፈለግሽ?› አለኝ። መለስኩለት። ‹አማካሪ አማካሪ ትሸቻለሽ፣ ድገሚው› አለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ደገምኩት።»

ሩበን ፊት ለፊት ተናጋሪ ነው። «ቦታው አንድ፣ እኛ ሦስት» አለ።

«እርስ በርስ ትጠላላላችሁ?»

«ማን ጊዜ አለው?»

«በረንዳው ላይ ወጥታችሁ ነበር?»

«እሱ ሲጋራ ሊያጨስ ሲል አብረን ወጣን። አጥሩን ልደገፍ ስል ‹ተው፣ በስብሷል› ብሎ ያዘኝ።»

ካልቪን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚስትና ልጅ አለው። ዓይኑ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም።

«ይኼ ካልሆነ ወደ ድሮ ሥራዬ መመለሴ ነው» አለ። «በየሰኞው በአውሮፕላን ወደ ሌላ ከተማ። ልጄ በስልክ ነው የሚያውቀኝ።»

«ባንከሮችስ ቤታቸው ያድራሉ?»

«ቢያንስ የሚያመሹት እዚያው ከተማቸው ውስጥ ነው።»

ዶሎረስ ሳታስበው ፈገግ አለች። ካልቪን አሳዘናት፤ ለሰው ማዘን ግን ሥራዋን አቅልሎላት አያውቅም።

«ከኤመት ስትለይ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። በአሥር ተኩል አንድ የባንክ ሰው ሊደውልልኝ ስለነበር ቶሎ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አወራሁት።»

ባንከሩም መደወሉን አረጋገጠላት። «የተረጋጋ ሰው ነው፤ ወደነዋል» አላት። ዶሎረስ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን የኤመትን ኢሜይል ስታነብ ከረመች።

ሐሙስ ዕለት ሦስቱን በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የወንድሟን የኤመትን ሬሳ ልትወስድ የመጣችው ኢንግሪድም ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ኤመት አጥሩ መበስበሱን ያውቃል» ብላ ጀመረች ዶሎረስ። «ሌላውን ‹ተው› እያለ እሱ አይደገፈውም። ስለዚህ የገፋው አለ። ማን ነው? እናንተ ሰዎች አንድ ደንብ አላችሁ። ያነጋገራችሁን ሰው በዚያው ቀን በኢሜይል ታመሰግናላችሁ። ሚንጂ እሑድ ማታ በአንድ ሰዓት ላከች። ሩበን በሦስት ሰዓት ላከ። ሞቱን የሰማችሁት ሰኞ ነዋ። ካልቪን ግን አልላከም።»

«ረስቶ ይሆናላ» አለ ሩበን።

«አንተ ትረሳለህ?»

ሩበን መሬት መሬት አየ።

«ከመስከረም ወዲህ ኤመትን አርባ አንድ ጊዜ አመስግኖታል፤ ባነጋገረው ቁጥር፣ አንዴም አልዘለለም። እሑድ ማታ እንኳ ለባንከሩ ልኳል። ለኤመት ብቻ አልላከም። ኤመት እንደማያነበው እሑድ ማታ ያወቀ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ። ይሁንና ይህ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ጠበቃ በአንድ ትንፋሽ እንደሚያፈርሰው ዶሎረስ ታውቃለች። ሌላ ማስረጃ የላትም። ዓይኗን ከካልቪን ላይ አላነሳችም።

«ጀምሬው ነበር» አለ ካልቪን በመጨረሻ። «‹ውድ ኤመት› ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ።» ሚንጂን አየት አደረገ። «ኤመት ‹ስምህን ለባንኩ አልሰጥም፣ የምሰጠው የሚንጂን ነው› አለኝ። ደረቱን ገፋሁት። አንዴ ነው።»

ሚንጂ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ኢንግሪድ ግን ካልቪንን አላየችውም። ያየችው ዶሎረስን ነው።

«ወዲያው ነው የሞተው፣ አይደል?»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ወረቀት ዶሎረስ ቦርሳ ውስጥ ነው። ኤመት ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር። ለመዋሸት አፏን ስትከፍት ካልቪን ቀደማት።

«አይደለም» አለ። «ከታች ሆኖ ስሜን ሁለቴ ጠራኝ። ስልኩ ሊደወል አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።»

ኢንግሪድ አሁንም ዶሎረስን ታያለች።

«እናታችንም ይኼንኑ ነው የምትጠይቀኝ» አለች። «ምን ልበላት?»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስትጠይቅ የኖረችው ዶሎረስ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።