የአያ አላምረው ባቄላ

እናኑ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከጎንደር በላይ ኮሶዬ ነው፤ ከእናቷ ከወለተሩፋኤል ጋር ትኖር ነበር። ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ዘመን ነው። ወደ ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ ይሠራ ስለነበር በዚያ በኩል ማኪና ሲያጓራ ይውላል፤ ወታደርም አይጠፋም። ስለዚህ እናቷ፣ «ወደ መንገዱ ዝር እንዳትዪ!» ብላ አስጠንቅቃታለች።

ታዲያ ልጅ የት ይጫወት? ወንዙ ዳር ነዋ!

ወሩ መስከረም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ወንዙ ዳር ሸክላ ሠሪዋ እትዬ አዝመራ ትኖራለች። ልጇ ፈንታዬ የእናኑ እኩያ ናት። አባቷ ባዬ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ጣሊያን ዶማና አካፋ እንዲጠግንለት ወስዶት ቤት የለም።

እነ ፈንታዬ ቤተ እስራኤል ናቸው። በሕጋቸው ከሌላ እምነት ሰው ጋር ከተነካኩ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ዘዴ ነበራቸው። ወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱን መሀል አድርገው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እናኑ ከሣርና ከአደይ አበባ የአንገት ጌጥ ትጎነጉንና ድንጋዩ ላይ ታኖራለች። ፈንታዬ ታነሳና ታጠልቀዋለች። ፈንታዬ ደግሞ ከጭቃ ላም ትሠራለች። ቀንድ ያላት፣ ጡት ያላት፣ ጥጃዋ ከጎኗ የቆመ! እሷንም ድንጋዩ ላይ ታኖርላታለች።

«የኔ ላም ለምን ትሰነጠቃለች?» ትላለች እናኑ።

«ጭቃውን ደህና አድርገሽ አላቦካሽውማ! ደግሞ አትቸኩይ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።»

«አንቺስ አበባውን ጨምቀሽ ገደልሽው!»

ይሳሳቃሉ። ሸጋ ጨዋታ ነበር፣ ልጆች። አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

ከወንዙ ማዶ የአያ አላምረው የባቄላ ማሳ አለ። እሸቱ ደርሷል። አንድ ቀን እናኑ ዓይኗን ጣለችበት።

«ነይ እንብላ» አለች።

«ተይ፣ የሰው ነው» አለች ፈንታዬ።

«ማን ያየናል?»

ማን እንደሚያይ እናንተ ታውቃላችሁ። እሷም ታውቃለች። ግን እሸቱ አማራት። ዘላ ገባችና ትፈለፍል ጀመር። ፈንታዬ ከወዲህ ሆና፣ «እናኑ፣ ኧረ በቃሽ! ጥሬ ባቄላ ሆድ ይነፋል!» ብትላት ማን ይስማት። በላች፣ በላች፣ ቅርፊቱን ወንዝ ውስጥ ጥላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆዷ ተነፋ። ቁርጠት ያዛትና መሬት ላይ ተንከባለለች። እናቷ ክው አለች።

«ምነው ልጄ! ምን በላሽ?»

«ምንም።»

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። በዚያን ጊዜ ልጅ ድንገት ሲታመም፣ «ማን አየሽ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ሸክላ የሚሠሩትንና ብረት የሚቀጠቅጡትን ሰዎች፣ «ቡዳ ናቸው፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» ይሏቸዋል። ነጭ ውሸት! በእነሱ እንስራ ውሃ እየቀዱ፣ በእነሱ ማረሻ እያረሱ እንዲህ ማለት ምን የሚሉት ነው? ይህን ባነሣሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

«ማን አየሽ? ተናገሪ!» አለች እናቷ።

እናኑ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አለንጋ አየች። «ሌባ» መባሉንም ፈራች።

«ፈንታዬ» አለች። «ፈንታዬ አየችኝ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አሸተቷት። አስመለሳትና ቀለላት። የወጣው ባቄላ ነበር፤ ግን ማን ልብ ብሎ ይየው! «ለቀቃት! ለቀቃት!» እያሉ እልል አሉ።

በማግስቱ ዳኛው የሚባለው አጎቷ ሰው ሰብስቦ ወደ ወንዙ ወረደ። እትዬ አዝመራ ለመስቀል ገበያ የሠራችውን ሸክላ ደጅ አስጥታዋለች፤ ገና እሳት አልገባም። ዳኛው በዱላው ይለው ጀመር። እንስራው፣ ድስቱ፣ ጋኑ ሁሉ ፈራረሰ።

«ዛሬውኑ ልቀቁ! እንቢ ካላችሁ ጎጆውን እናነደዋለን!»

«ጌቶቼ፣ ምን አጠፋን? ባሌ በሌለበት ልጄን ይዤ የት ልግባ?» አለች እትዬ አዝመራ።

እናኑ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ነበር። ፈንታዬ አየቻት።

«እናኑ፣ ንገሪያቸው! ባቄላውን ንገሪያቸው!» ብላ ጮኸች።

ልጆች፣ የመጀመሪያው ውሸት በፍርሃት አመለጣት እንበል። አሁን ግን ቀን ነው፣ ሆዷም ድኗል፣ ጓደኛዋ ስሟን እየጠራች ነው። «ባቄላ በልቼ ነው» ቢሉ ምን አለበት? እናኑ አንገቷን ደፋች። አፏን ሳትከፍት ቀረች።

እናትና ልጅ ያለቻቸውን ዕቃ ተሸክመው ሲሄዱ ፈንታዬ ዞራ አላየችም።

ከዚያ ወዲያ እናኑ እህል አልዋጥላት አለ። ብቻዋን ወንዝ ዳር እየሄደች ታለቅሳለች። እናቷ ተከትላት ሄዳ፣ «ምን ሆነሻል?» ብትላት ሁሉንም ዘረገፈችው። ወለተሩፋኤል ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች።

«ወይኔ ልጄ! የሰው ቤት አፈረስን! እኔው ነኝ ያስቀባጠርኩሽ!»

አልገረፈቻትም። እጇን ይዛ ወደ አያ አላምረው ወሰደቻት። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ፣ «ምነው ልጄ? ብትጠይቂኝ እኮ እቅፍ ሙሉ እሰጥሽ ነበር» አሏት። እናኑን ከአለንጋ ይልቅ ይህ አስለቀሳት።

ሦስቱም አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሄደው እነ እትዬ አዝመራን ፈለጉ። አንዷ ሸክላ ሻጭ፣ «ወደ ጎንደር ወርደዋል» አለቻቸው። ከጎንደር ወዴት? የሚያውቅ አልተገኘም።

የመስቀል ዕለት አገሩ ሁሉ ደመራው ዙሪያ ተሰበሰበ። እናኑ አያ አላምረው አጠገብ ቆመች።

«ፈንታዬ አላየችኝም!» አለች ጮክ ብላ። «የአያ አላምረውን ባቄላ ሰርቄ በልቼ ነው የታመምኩ። ዋሽቼ ነው!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዳኛው ግን ሳቀ።

«አያችሁ? አሁንም አልለቀቃትም! ቡዳው ነው የሚያስለፈልፋት!»

«እውነት ነው፣ እሱ ነው» አሉ ሰዎቹ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የምናገረው!» እያለች እናኑ አለቀሰች። አያ አላምረው፣ «ማሳዬን አይቻለሁ፣ ልጅቱ እውነቷን ነው!» ብለው ቢቆጡም የሰማቸው አልነበረም። ስትዋሽ ወዲያው ያመናት ሰው፣ እውነቱን ስትናገር አላምን አላት። እናቷ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ወሰደቻት።

እግዚአብሔር ከልብ የሚያለቅስን ይሰማልና ይቅር እንዳላት አልጠራጠርም። ፈንታዬ ግን ኮሶዬን ዳግመኛ አልረገጠችም፤ እናኑም ይቅርታ የምትጠይቃት ጓደኛ አጥታ አደገች።

ልጆቼ፣ ያጠፋችሁትን ለመሸፈን በሌላ ሰው ላይ አትዋሹ፤ ከዋሻችሁም ሰውየው ሳይሄድ፣ እዚያው ፊቱ ቆማችሁ እውነቱን ተናገሩ።