ተራ ቁጥር ስልሳ አራት

ለማክሰኞ አጥቢያ ነፋሱ ከደቡብ ስለነፈሰ ቀበሌ ዘጠኝ ከትናንት ቦታው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ተንሸራቶ አደረ። በደምበል ሐይቅ ላይ በምትንሳፈፈው ከተማ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ሰው መስኮቱን ከፍቶ የጎረቤቱ በር በነበረበት ቦታ ውሃ ቢያይ፣ «ዛሬ ደግሞ የት ልንውል ነው?» ብሎ ፊቱን ይታጠባል። ድሮ ቀበሌዎቹ በድልድይ ይያያዙ ነበር። ግራጫው ትኩሳት ከገባ ወዲህ ግን ድልድዮቹ ተነሥተው ሁሉም ለየብቻው ተለቋል። በመካከላቸው የሚመላለሰው የመድኃኒት ጀልባው ብቻ ነው፤ በጀልባው ላይ የቀረችው ፋርማሲስት ደግሞ ትርሲት ብቻ ናት።

ሦስት ነበሩ። አንዷ ታመመች፣ ሌላው እናቱን ሊያስታምም ሄደ። ትርሲት ብቻዋን ከቀረች አሥራ አንድ ሳምንት ሆናት።

አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ቀማሚው ነው። ቀማሚ ማለት የታማሚውን ትንፋሽ በቀጭን ቱቦ ተቀብሎ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆነውን መድኃኒት እዚያው የሚያዘጋጅ ማሽን ነው። ድሮ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ነበር፤ ማሽኑ ሲመጣ ሥራውን ከነስሙ ወሰደው። ሕጉ ለሰው ያስቀረው አንድ ነገር ነው፤ ፋርማሲስት መዳፉን ካላሳረፈበት የመድኃኒቱ መሳቢያ አይከፈትም። ቀማሚው እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ! «እንደምን አደሩ?» ይላል፤ ትንፋሽ ይቀበላል፤ ወረርሽኙ የት እንደደረሰ ለማወቅም እያንዳንዱን ሰው፣ «በአቅራቢያዎ የታመመ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ትርሲት ደግሞ መዳፏን ታሳርፋለች፣ ብልቃጡን ታቀብላለች፣ «ቀጣይ!» ትላለች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውን በስሙ ትጠራ፣ «እግዜር ይማርዎት» ትል ነበር። መቼ እንደተወችው አታውቅም። ባለፈው ዓርብ የአንዱን ብልቃጥ ለሌላው ሰጠች፤ ሽማግሌው ራሳቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ የኔ ስም አይደለም» ብለው መለሱላት። ጀልባው ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

የቁጥጥር ማዕከሉን ኃላፊ አቶ ኢዮስያስን ሁለት ጊዜ ዕረፍት ጠይቃዋለች። ክፉ ሰው አልነበረም። «ትርሲትዬ፣ መዝገቡ ጤነኛ ነሽ ነው የሚለው። ለጤነኛ ተተኪ ላክ ብትይኝ ከየት አባቴ ላምጣ?» ነበር መልሱ። መዝገቡ ትኩሳት፣ ሳል፣ ማስታወክ የሚሉ ሳጥኖች አሉት። ድካም የሚል የለውም።

የዚያን ማክሰኞ ቀበሌ ዘጠኝ ስትደርስ ስልሳ ሦስት ሰው በጀልባ ማቆሚያው ላይ ተሰልፎ ጠበቃት። አምስተኛ ቀናቸው ነው። የመጨረሻዋን ብልቃጥ እስከ ስድስት ሰዓት ካልጠጡ ያለፉት አራት ቀናት ከንቱ ይሆኑና ሕክምናው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ እንደ አዲስ ለመጀመር ደግሞ አቅም የቀረው ሁሉም አይደለም። ትርሲት መዳፏን አሳረፈች።

መሳቢያው አልተከፈተም።

«ታማሚ ነዎት» አላት ቀማሚው በዚያው ጨዋ ድምፁ። «እባክዎ ተራ ይያዙ። ተራ ቁጥርዎ ስልሳ አራት ነው።»

መዳፏን በጋውኗ ጠርጋ ደገመች። አጥፍታ አበራችው። በጡጫ መታ መታ አደረገችው፤ ይህን ማንም አላስተማራትም። «ታማሚ ነዎት» አላት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ወደ ማዕከሉ ደወለች። «አቶ ኢዮስያስ፣ ማሽኑ አብዷል!»

«ቆይ፣ ልየው» አለ። «ትኩሳት የለብሽም። ትንፋሽሽም ንጹሕ ነው። ግን የታማሚ መዝገብ ተከፍቶልሻል፤ በታማሚ መዳፍ ደግሞ መሳቢያው አይከፈትም።»

«ማን ከፈተው?»

ኢዮስያስ መዝገቡን ወደ ታች አነበበ። «አርባ ሰው አንድን ሰው ታሟል ብሎ ከጠቆመ ቀማሚው ራሱ መዝገብ ይከፍታል። አንቺን አርባ አንድ ሰው ጠቁሞሻል። እስቲ ስሚው።»

ቀማሚው በየቀኑ የቀዳቸው ድምፆች ከድምፅ ማጉያው ተራ በተራ ወጡ።

«የታመመ ሰው? ኧረ አለች፣ ይቺ መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ።»

«እኛ ቤት ደህና ነን። ፋርማሲስቷ ግን አላማረችኝም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።»

«አንተ ማሽን፣ ይቺ ልጅ ምሳ በልታ ታውቃለች? ከኔ ይልቅ እሷን ጠይቃት።»

ከዚያ ዓርብ ዕለት የተቀዳ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ጉደታ እባላለሁ። ዛሬ የሌላ ሰው መድኃኒት ሰጠችኝ። አደራ፣ እንዳትቆጧት። ልጅቷ ታማለች፤ ጠያቂ ያስፈልጋታል።»

ማሽኑ አላዘነላትም፤ ማዘን አያውቅም። የነገሩትን ነው የቆጠረው። ትርሲት ቀና ብላ ሰልፉን አየች። ስንት ሳምንት ሙሉ ከታማሚዎቿ እጅ በቀር ምናቸውንም አላየችም። እነሱ ግን በዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ ሆነው እሷን ሲያዩ ከርመዋል።

«ይሰርዙልኝ» አለች። «ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ።»

«መሰረዝ እችላለሁ» አለ ኢዮስያስ። «ግን አልሰርዝም። ሁለት ጊዜ ስትነግሪኝ አንቺን ትቼ መዝገብ ሳገላብጥ ነበር። አሁን ታማሚ ነሽ፤ ለታማሚ ደግሞ ተተኪ ይላካል።»

«ማን አለና ነው የሚላከው?»

«እኔስ ፋርማሲስት አይደለሁ?»

ከመድኃኒት መስጫ መስኮት ጀርባ ቆሞ ከሠራ አሥራ አራት ዓመት ያለፈው ሰው ከረባቱን እንዳሰረ በፈጣን ጀልባ መጣ። አራት ሰዓት ነበር። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ከእጁ ልታመልጥ ምንም አልቀራትም፤ ሁለተኛዋን አጥብቆ ያዘ።

ትርሲት ተራዋን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ጨነቃት። ከሰልፉ ውስጥ ሰዎች በማስካቸው ሥር፣ «ይማርሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ» ይሏት ጀመር። ጋሽ ጉደታ በምርኩዛቸው መጥተው ሁለት ብርቱካን አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጡና ሁለት ክንድ ያህል ራቁ።

«ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም» አሏት።

«ጋሽ ጉደታ፣ የታመሙት እኮ እርስዎ ነዎት!»

«ተራዬ ሃምሳ ስምንተኛ ነው፤ እስከዚያ ምን ሥራ አለኝ?»

ትርሲት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ግን ጀልባው ጀርባ አልሄደችም። እዚያው ሰው ፊት፣ ብርቱካኗን እየላጠች አለቀሰች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ስልሳ ሦስተኛው ሰው ጠጣ። አቶ ኢዮስያስ ከረባቱን አውልቆ ጥሎታል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ቀጣይ!» አለ፣ ቀና ሳይል።

ትርሲት ወደ መስኮቱ ቀርባ በቱቦው ተነፈሰች።

«የምቀምምልዎ መድኃኒት አላገኘሁም» አላት ቀማሚው።

«አውቃለሁ።»

«በአቅራቢያዎ የታመመ ሰው አለ?»

ትርሲት ኢዮስያስን አየችው። ትከሻው ወርዷል፤ በባዶው መሳቢያ ላይ ያረፈው እጁ ይንቀጠቀጣል። ከፊቱ የቆመችው እሷ መሆኗን እንኳ አላስተዋለም።

«አለ» አለች፣ ሁለተኛዋን ብርቱካን መስኮቱ ላይ እያስቀመጠች። «ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ሰዓቱ ነው። ግን ካሁኑ ብትመዘግበው ይሻላል።»

«አንድ ጠቋሚ ተመዝግቧል።»

«ሁለት በል!» አሉ ጋሽ ጉደታ ከኋላዋ።