ቀለም ያታልላል

የካቲት ዘጠኝ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። የመንገድ ቀያሹ እጮኛዬ ፊት ከፕሪንተሩ ለሦስተኛ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

የተዋወቅነው ወረቀት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። የገዛሁት የፎቶ ወረቀት ቀለም አይዝም ብዬ ከባለሱቁ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ከኋላዬ «እህቴ፣ በጀርባው አትመሽበት እንዳይሆን» አለኝ። እውነቱን ነበር። ባለሱቁ ሳቀብኝ፤ እሱ ግን እንዳላፍር ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ማተሚያ ቤት» ሆነ። በዓመቱ ልንጋባ ተስማማን።

የመንገድ ሥራ ሩቅ ሲወስደው በየሳምንቱ ፎቶውን በስልክ ይልክልኛል። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው።

«አንዴ እንኳ በቀለም ብትልክልኝ ምን አለበት?»

«ቀለም ያታልላል፣ ማተሚያ ቤት።»

አመንኩት። ፕሪንተሩ ግራጫውን የሚያወጣው ቀለማቱን እየቀላቀለ ስለነበር፣ ሌሎቹን ትቼ በጥቁሩ ብቻ አተምኩ። አረንጓዴው ጠፋ፤ ጉንጩ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። የወረቀቱን ዓይነት ከማስተካከያው ላይ መረጥኩ፤ አድርቄ መስኮት ሥር አየሁት። ያው ነው። በስልክ ሲላክ ጥራቱ ቀንሶ ይሆናል ብዬ፣ «ሥራ ቦታ ልትጠይቀኝ መጥታ አነሳችኝ» ላላት እህቱ ደወልኩ።

«ዋናውን ላኪልኝ፣ እባክሽ።»

ላከችልኝ። ባለቀለም ነበር። የዓይኑ ነጭ እርድ መስሏል።

መልሼ ደወልኩ። «ዓይኑ ምን ሆኖ ነው?»

«ጉበቱ ነዋ! ሁሉንም ታውቃለች፣ የምታበረታኝም እሷ ናት ብሎናል እኮ» አለች።

ለካ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል። ለካ መንገድ ሥራ ላይም አልነበረም፤ እህቱ ቤት ተኝቷል።

በማግስቱ ሄድኩ። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መብራቱን አብራ» አልኩት።

«ተይው።»

«አብራ! ፎቶህን እያጠራሁ ሳላውቅ ስደብቅልህ የከረምኩት እኔው ነኝ።»

አበራ። «ብታውቂ ትሄጂያለሽ ብዬ ነው» አለ።

«መሄድ አለመሄዱን እንኳ ለእኔ መተው አቃተህ?»

አልሄድኩም፤ ይቅርም አላልኩት። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየሰጠሁ፣ እጁን ይዤ፣ እንደተቀየምኩት አብሬው ከረምኩ።

«ማተሚያ ቤት፣ ዛሬም ኩርፊያ ነው?» ይለኝ ነበር።

«ዛሬም።»

ሳንጋባ ሐምሌ ላይ አረፈ።

ለለቅሶው ፎቶ ሲጠይቁኝ ባለቀለሙን አትሜ ወሰድኩ። እናቱ አንዴ አዩትና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ጥሩውን አምጪልኝ።»

ከዚያው ከዋናው ፎቶ በጥቁርና ነጭ ያተምኩትን ሰጠኋቸው። አረንጓዴም አሸዋም የለበትም። እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ያለው እሱ ነው።