የነጩ አዳራሽ ደረጃ

ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው። ይሄ ተረት አይደለም። እታፈራሁ ሃርልስደን ሰፈር ካለው ቤቷ፣ ሶፋ ላይ አስቀምጣ በገዛ አፏ የነገረችኝ ነው። መጨረሻውን ደግሞ እኔው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ... ምነው ባልሰማሁት!

በፈረንጅ 2009፣ ኦገስት ላይ ነው። ሰዓቱ ቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ።

እዚህ ስደት አገር ያለው የሐበሻ ኮሚዩኒቲያችን በየዓመቱ ከሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር አውቶቡስ ተከራይቶ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። እዚያ ውሃው አፍ ላይ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ፣ መርከብ የመሰለ ነጭ አዳራሽ አለ። ግድግዳው መስታወት ብቻ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሻይ ይጠጡበታል፣ ልጆች ሥዕል ይማሩበታል። የዚያን ቀን ደግሞ የኛ እስክስታ ተራ ነበር።

እታፈራሁ ዘወር ስትል ልጇ ሲና የለችም።

"ጌጤነሽ፣ ልጄን አይተሻታል?" አለቻት አብራት የመጣችውን ጓደኛዋን።

"አሁን እዚህ ነበረች እኮ!"

ያን ጊዜ ከአዳራሹ ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ የሲና ድምፅ...

"እማዬ..."

"ወዬ!" አለች እታፈራሁ።

እናቷ ስንቴ ነግረዋታል! በቀትር፣ ውሃ አጠገብ ከተጠራሽ ሦስተኛው ጥሪ ሳይደርስ አፍሽን እንዳትከፍቺ። ሰው ያልሆነ ነገር አፉን ዘግቶ የሚጠብቀውን ሦስት ጊዜ አይጠራም፤ ከመለሱለት ግን መጥራቱን አይተውም። ግን ልጅ ጠፍቶ ማን ይቆጥራል?

ወጣች።

"እማዬ..." አሁንም ከላይ ነው።

ወጣች። ሕንፃው ከውጭ ሲታይ ሁለት ፎቅ ነው... ደረጃው ግን አላልቅ አለ።

ፈራች። ዞራ ቁልቁል ሮጠች። ወረደች፣ ወረደች... ያው መስታወት፣ ያው ባሕር። በር የሚባል ነገር የለም።

በመስታወቱ ወደ ውጭ ስታይ፣ ሲና ሣሩ ላይ ኳስ ትጫወታለች!

"ሲናዬ! ሲና!" መስታወቱን ደበደበችው። ቀና ያለ ሰው የለም።

ከዚያ ከጆሮዋ ሥር፣ በልጇ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ...

"እማዬ..."

አሁን ገባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ አለች። ጠራት። ዝም። ደግሞ ጠራት። ዝም። ሦስተኛውን ጠበቀች...

አልመጣም።

ዓይኗን ስትገልጥ ደረጃው ሥር ናት። ጌጤነሽ ትከሻዋን ይዛ "አንቺ፣ ምን ሆንሽብኝ?" ትላለች።

"ተመስገን፣ አመለጥኩ" አለችኝ እታፈራሁ ሶፋው ላይ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን አንዴ መልሼለታለሁ። ድምፄን ያውቀዋል።"

እኔ ቀልደኛው "ኧረ ተይ አንቺ ደግሞ!" ብዬ ልስቅባት ነበር።

ከቤቱ ፎቅ ላይ የእታፈራሁ ድምፅ ተጣራ።

"ሲናዬ..."

እታፈራሁ አጠገቤ ናት። አፏ ግጥም ብሏል።

ሲና ኩሽና ነበረች። እናቷ በሥርዓት ነው ያሳደገቻት፣ ሁለቴ አታስጠራም።

"አቤት፣ እማዬ!" ብላ ወደ ፎቅ ሮጠች።

ዘለን ተነሣን። ደረጃው ላይ ማንም የለም። ፎቁንም ክፍል በክፍል አየነው... ባዶ ነው።

የትንሽ እግር ኮቴ ግን ከበላያችን ይሰማል... ወደ ላይ... ወደ ላይ... አሁንም እየወጣ ነው።