ዳገት ላይ ብቻ የሚያንኳኳ ሞተር

«ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» ትላለች ልጅቷ በሆዷ። አያቷ ግን አይቸኩሉም። የሦስተኛውን ካንዴላ ሽቦ ነቀሉና አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ሞተሩ ከኮፈኑ ሥር ይንዘፈዘፋል። የመኪናዋ ባለቤት፣ ዳቦ አከፋፋዩ፣ መሪውን ይዞ ነዳጅ ይሰጣል።

ልጅቷ ከአያቷ ጎን ቆማ እጇን ጀርባቸው ላይ አሳርፋለች። ለሚያይ ሰው የልጅ ልጅ ፍቅር ይመስላል። ለሁለቱ ግን ሥራ ነው። የአያቷ ጆሮ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አጠገባቸው ካልጮኹ አይሰሙም። ሞተር የምታዳምጠው እሷ ናት። ድምፁ ቀጭን ቅጭልጭልታ ከሆነ በአንድ ጣት ጀርባቸውን ትጫናለች፤ እሳቱ ጊዜውን ስቷል ማለት ነው። ወፍራም ከሆነ በሁለት ጣት፤ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ፣ ብሮንዚኑ፣ ተበልቷል፤ ሞተሩ ይፈታል። ደንበኞች ይህን አያውቁም። ለማይሰማ መካኒክ መኪናውን የሚሰጥ ማን ነው?

ዛሬ የሰማችው ነገር የለም። ሰውየው ሲመጣ «ነዳጅ ስሰጣት ታንኳኳለች፤ ሌላ ጋራዥ ብሮንዚን ነው ብለውኛል» ብሏል። በቆመችበት ነዳጅ ሲረገጥ ግን ምንም የለም። እንዲህ ሲሆን የአያቷ ደንብ የታወቀ ነው። ዳገቱን መውጣት ነው፤ ሞተር ክብደት ሲሰማው የደበቀውን ያወጣል። ዳገቱ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እሷ የምትወዳደርበት የመረብ ኳስ ቡድን ምርጫ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል።

በሁለት ጣቷ ጀርባቸውን ተጫነች።

አያቷ ቀና ብለው አዩዋት። ደግማ ተጫነች።

«ብሮንዚን ነው፤ ሦስተኛው» አሉ ለሰውየው። «ሞተሩ ይፈታል። ሳምንት ትቆማለች።»

ሰውየው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ኧረ አባባ! ሳምንት ሙሉ ዳቦውን በጀርባዬ ላዙረው?»

ልጅቷ መልሱን አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሜዳው ዳር፣ አግዳሚው ላይ፣ ጓደኛዋ ቦታ ይዛላታለች። ቁመቷን አይተው ሸንበቆ ይሏታል። ልጅቷ ተቀመጠች። የጫማዋን ክር ፈታች፣ አሰረች፣ መልሳ ፈታች። ኳሱ ሲመታ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። አያቷ መጀመሪያ ዘይቱን ያፈሳሉ፤ ከዚያ ከሥር ገብተው የዘይት መያዣውን ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈታሉ። አሁን የት እንደደረሱ ሳታይ ታውቃለች።

«ምን ሆነሽ ነው? እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለች ሸንበቆ።

«አባባን ዋሸኋቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ።»

«ፎገርሻቸው በይኛ! እና ምን ይጠበስ? ስትመለሺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«ስመለስማ ሞተሩ ተበታትኖ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ከአንቺ በፊት ያሉት ስድስት ልጆች ብቻ ናቸው። ተጠርተሽ ከሌለሽ ደግሞ አሰልጣኟ ስምሽን ትሰርዘዋለች። አታውቂያትም?»

ታውቃታለች። ተነሳች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች።

«ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ! እኔንም አዞርሽኝ እኮ!» አለች ሸንበቆ።

ሄደች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከበሩ ስትወጣ በሩጫ።

ጋራዡ ስትደርስ ከመኪናዋ ሥር የአያቷ እግሮች ብቻ ይታያሉ። ዳቦ አከፋፋዩ ባዶ የዳቦ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይነክሳል። ጥቁሩ ዘይት በሳፋ ተቀምጧል። ጣሳው ውስጥ ስምንት ብሎኖች አሉ።

የሱሪያቸውን ጫፍ ጎተተች። አያቷ እያቃሰቱ ወጡና ቁጭ አሉ። ጎንበስ ብላ፣ የቅድሙን ለመሻር፣ በአንድ ጣት ጀርባቸውን ተጫነች። እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። አያቷ «እስቲ ደግመን እንየው» ይሉታል፤ ሰውየው ምንም አያውቅም።

«ቅድም ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም?» አሉ አያቷ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በሰውየው ፊት።

አልሰማሁም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ለምን?»

ለዚህ ጣትም ራስም አይበቃም። ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠግታ ጮኸች። «ለመረብ ኳሱ ምርጫ ቸኩዬ ነው! ምንም አልሰማሁም! ሰውየው ያለውን ነው የነገርኩዎት!»

ሰውየው ከሳጥኑ ተነሳ። አንዴ እሷን አንዴ አያቷን አየ።

«አባባ አይሰሙም እንዴ?»

«አይሰሙም። የማዳምጠው እኔ ነኝ።»

«ጉድ እኮ ነው! ታዲያ ሞተሬን የሚያስፈታው ማን ነበር? የመረብ ኳስ ቡድኑ?»

አንገቷን ደፋች። ነገ ይህን የማይሰማ ሾፌር አይኖርም ብላ አሰበች። አያቷ ሰውየውን አላዩትም። እጃቸውን ዘረጉላት።

«ብሎኖቹን አቀብዪኝ።»

ብሎኖቹ ታሰሩ፤ ዘይቱም ተመለሰ። ሰውየው እያጉረመረመ መኪናዋን አስነሳ። አያቷ ከጎኑ፣ ልጅቷ ከኋላ ሳጥኖቹ መሐል ሆነው ወጡ። የዳገቱ ወገብ ላይ ሰውየው ነዳጅ ሲጨምር ድምፁ መጣ። ጣሳ ውስጥ ምስማር እንደሚናጥ ያለ ነው።

«ይኸው! ይህቺው ናት!» አለ ሰውየው።

«ቀጭን ነው!» ብላ ጮኸች ልጅቷ ወደ አያቷ ጆሮ። «ቀጭን!»

ዳር ይዘው ቆሙ። አያቷ ኮፈኑን ከፍተው ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ያዙት። በእጃቸው ዞረ። ማሰሪያ ብሎኑ ላልቷል።

«እሳቱ ቀድሞ እየተነሳ ነው» አሉ። «ፒስተኑ ገና ሳይደርስ ይመታዋል።» ሞተሩ እየሠራ ዲስትሪቢዩተሩን ለአመል ያህል ወደ ኋላ መለሱትና ብሎኑን አጠበቁት።

ወደ ታች ወርደው እንደገና ወጡ። ሞተሩ ዳገቱን ጸጥ ብሎ በላው።

«ጠፋች!» አለ ሰውየው መሪውን እየደበደበ። «በቃ፣ እንመለስ። ዳቦው እየጠበቀኝ ነው።»

ከዳገቱ አናት ሜዳው ይታያል። ልጆቹ አሁንም እየዘለሉ ነው። እዚህ ወርዳ ብትሮጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። ምናልባት አሰልጣኟ ስሟን ገና አልሰረዘችውም።

አያቷ ወደ ኋላ ዞሩ። «ጠፋ?» አሏት።

የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ፣ ሰውየው ማርሽ ሲቀይር፣ አንድ ነገር የሰማች መስሏታል። ሳጥኖቹ ይሁኑ ሞተሩ አልለየችም።

«እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ ጮኸች። «አንዴ እንድገመው።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለ ሰውየው። ሆኖም መኪናዋን አዞረ።

ልጅቷ የሚንቀጫቀጩትን ሳጥኖች በእግሯ ወደ ኋላ ገፋች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አስጠጋች።